የሴት ልጆች ርስት፦ የፍራንክ መኳንንት ዘርና ባላንጣነት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን አሁን ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ሉክሰምበርግና ምዕራብ ጀርመን ወደሚባሉት አገሮች ይወስደናል። ዘመኑም ሩቅ ነው፤ ከ600ዎቹ መባቻ እስከ 800ዎቹ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራላችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስሞቹ ለጆሮ እንግዳ ናቸውና ሁሉንም ለመያዝ አትጨነቁ። ሁለት ቤቶችን ብቻ ያዙልኝ፦ የፒፒንን ቤትና የአጊሎልፊንጎችን ቤት።

በ780ዎቹ ጳውሎስ የሚባል የሎምባርድ ዲያቆን ከጣሊያን መጥቶ በፍራንኮች ንጉሥ በታላቁ ካርል ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ይህ ንጉሥ ብዙዎቻችሁ ሻርለማኝ በሚል ስም የምታውቁት ነው። ጳውሎስ የሜትስ ከተማ ጳጳሳትን ታሪክ ሲጽፍ አርኑልፍ የሚባለው ጳጳስ ላይ ሲደርስ ቆም ይልና አንድ ታሪክ ያጫውታል። አርኑልፍ ስለ ኃጢአቱ ሲጸጸት ሞዘል ወንዝ ላይ ባለው ድልድይ ያልፍና የጣቱን ቀለበት አውልቆ ጥልቁ ውኃ ውስጥ ይጥላል፤ ቀለበቱ ተመልሶ እጁ የገባ ዕለት ኃጢአቱ እንደተሰረየለት ሊቆጥር። ከዓመታት በኋላ ለማዕዱ የቀረበ ዓሣ ሆዱ ሲከፈት ቀለበቱ ተገኘ። ጳውሎስ ይህን የሰማሁት ከተራ ሰው አይደለም፣ ያጫወተኝ ራሱ ንጉሡ ነው ሲል ያክልበታል።

ንጉሥ ስለ አንድ ጳጳስ ቀለበት የሚተርከው ያለ ነገር አይደለም። አርኑልፍ የካርል የምንጅላቱ አባት ነበር፤ ቢያንስ ቤተሰቡ የሚለው እንዲህ ነው። ጳውሎስም ከአርኑልፍ ተነሥቶ በአባት በአባት እየቆጠረ ካርል ላይ ይደርሳል። የአርኑልፍ ልጅ ስሙን ያገኘው ከትሮያው ከአንኪሰስ ሳይሆን አይቀርም እስከ ማለትም ይሄዳል፤ ፍራንኮች ዘራቸውን ከትሮያ የመምዘዝ ልማድ ነበራቸውና። ቀጥ ብሎ ከወንድ ወደ ወንድ የሚወርድ፣ ቅዱስ ያለበት፣ ጀግና ያለበት ሐረግ ነው። ነገሩ ሲመረመር ግን ይህ ቤት ከፍ ያለው ባብዛኛው በሚስቶቹና በሴት ልጆቹ ርስት ነው። የቀጠቀጣቸው ባላንጣዎቹም በጓሮ በር፣ በሴት ልጆቻቸው በኩል፣ ተመልሰው ገብተውበታል። የዛሬው ወሬዬ ይኸው ነው።

ወደ ሰዎቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ስም ትንሽ ልበል። የዚያ ዘመን ፍራንኮች የቤተሰብ መጠሪያ አልነበራቸውም፤ አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ ነበረው። “የፒፒን ቤት”፣ “የአርኑልፍ ቤት” የሚሉት አጠራሮች የታሪክ ጸሐፊዎች ኋላ ያወጧቸው ናቸው። አጊሎልፊንግ ግን በዘመኑም የነበረ ስም ነው። በ700ዎቹ የተጻፈው የባቫሪያ ሕግ የአገሪቱ መስፍን ሁልጊዜ ከአጊሎልፊንግ ዘር እንዲሆን ያዛል፤ የእነሱን ሰው የገደለም ከተራው ነጻ ሰው ካሳ አራት እጥፍ እንዲከፍል። በሕጉ የተጠሩ ሌሎች አምስት ዘሮች አሉ፤ እነሱ የሚያገኙት ሁለት እጥፍ ነው። የደም ዋጋ በሕግ ሲተመን የዘርን ደረጃ በቁጥር እንደ መንገር ነው።

ታዲያ መጠሪያ ከሌለ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በምን ይታወቃል? በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የስም አወጣጥ ነው፦ ልጆች የአያቶቻቸውን ስም፣ ወይም የስማቸውን ግማሽ ይወርሱ ነበር፤ ያውም ከአባትም ከእናትም ወገን። ሁለተኛው መሬት ነው። አንዲት ሴት ለገዳም ርስት ስትሰጥ ይህን ያገኘሁት ከአባቴ ነው፣ ያንን ከእናቴ ነው ብላ ታጽፋለች። ተመራማሪዎች እነዚህን የስጦታ ጽሑፎች አንድ በአንድ እያነበቡ፣ የመሬቱን ድንበር ከድንበር እያጋጠሙ ነው ዘመድ የሚያዛምዱት። በስም ብቻ ትልልቅ የዘር ግንድ የተከሉ ሊቃውንትም አሉ። እኔ መሬት ያልደገፈውን ስም ብዙም አላምንም።

አሁን ወደ 613 እንሂድ። ፍራንኮችን የሚገዛው የሜሮቪንጋውያን ሥርወ መንግሥት ነበር፤ በ511 የሞተው የክሎቪስ ዘር። ልጆች ሁሉ ይካፈሉ ስለነበር አገሩ ደጋግሞ ተከፋፍሏል፦ በምዕራብ በእነ ፓሪስ በኩል ኔውስትሪያ፣ በምሥራቅ በእነ ሜትስና ኮሎኝ በኩል አውስትራሲያ፣ በደቡብ ቡርገንዲ። በዚያ ዓመት አሮጊቷ ንግሥት ብሩንሂልድ በልጅ ልጇ ልጅ ስም አውስትራሲያን ልትገዛ ስትሞክር የአገሩ መኳንንት ፊታቸውን አዞሩባት፤ የኔውስትሪያውን ንጉሥ ክሎታርን ና ግባ አሉት። ፍሬደጋር በሚባል ስም የሚታወቀው ዜና መዋዕል ከጠሪዎቹ መካከል ሁለት ሰዎችን በስም ያነሣል፦ አርኑልፍንና ፒፒንን። ብሩንሂልድ ተይዛ ከፈረስ ጋር ታስራ ተጎተተች፣ ሞተችም። የካርል አያቶች ታሪክ መድረክ ላይ የወጡበት ቀን ይህ ነው። የዓሣው ታሪክ ይህን አያነሣም።

ክሎታር ውለታ ከፈለ። አርኑልፍ፣ የንጉሥ ሹም የነበረና ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው፣ የሜትስ ጳጳስ ሆነ። ፒፒን ደግሞ የቤተ መንግሥቱ አዛዥ ሆነ። የቤተ መንግሥት አዛዥነት መጀመሪያ የንጉሡን ቤት፣ ግምጃ ቤቱንና ጭፍራውን የማስተዳደር ሥራ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ወደ ንጉሡ መግቢያው በር እሱ ሆነ። በ623 ክሎታር ልጁን ዳጎበርትን በአውስትራሲያ ላይ ሲያነግሠው አማካሪዎቹ እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ።

ከዚያ ደም መጣ። በአውስትራሲያ ክሮዶአልድ የሚባል ታላቅ መኳንንት ነበር፤ አጊሎልፊንግ። የሱ ወገኖች የፒፒን ቤት ያልነበረው ክብር ነበራቸው። በባቫሪያ መሳፍንት ነበሩ፤ በጣሊያን የሎምባርዶቹ ንግሥት ቴዎደሊንዳ የባቫሪያው መስፍን ልጅ ነበረች። በ624 ወይም በ625 ወጣቱ ንጉሥ ዳጎበርት ክሮዶአልድን ጠመደው፤ ፍሬደጋር እንደሚለው የገፋፉት አርኑልፍ፣ ፒፒንና ሌሎች መኳንንት ናቸው። ክሱ ትዕቢተኛ ነው፣ የሰው ንብረት ይቀማል የሚል ነበር። ክሮዶአልድ ወደ ትልቁ ንጉሥ ወደ ክሎታር ሸሸ። ክሎታርም ልጁን ማርልኝ አለው፤ ዳጎበርት ክሮዶአልድ ያጠፋውን ከካሰ አልነካውም ብሎ ቃል ሰጠ። ሳይውል ሳያድር ክሮዶአልድ ከንጉሡ ጋር ትሪር ከተማ ሲደርስ፣ በርታር የሚባል ሰው በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰይፍ መዝዞ አንገቱን ቀላው።

ክሮዶአልድ ፋራ የሚባል ልጅ ነበረው። በ641 የቱሪንጊያው መስፍን ራዱልፍ በንጉሥ ሲግበርት ላይ ሲያምፅ ፋራ አብሮት አመፀ። ሲግበርት የዳጎበርት ልጅ ነው፤ ዕድሜው ገና አሥር ዓመት ግድም። አጠገቡ የነበረው ደግሞ የፒፒን ልጅ ግሪሞአልድ ነው። ጦሩ ራይንን ተሻግሮ በመንገዱ ላይ ፋራን ገደለ፤ ከሰዎቹ የተረፉትንም ማረከ። ኡንስትሩት ወንዝ ዳር ራዱልፍ ከመሸገበት ኮረብታ ሲደርስ ግን አለቆቹ አልተስማሙም፤ ግማሹ ሲዋጋ ግማሹ ቆሞ አየ፣ ብዙ ሰውም አለቀ። ፍሬደጋር ትንሹ ንጉሥ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ያለቅስ እንደነበር ጽፏል። የፒፒን ቤት አባትየውንም ልጅየውንም አጠፋ ማለት ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን ሰይፉ የወጣው በንጉሡ ስም ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን የወንዶቹን ሰማችሁ። አሁን ወደ ኢታ እንምጣ።

ኢታ የፒፒን ሚስት ናት። ፒፒን በ640 ሲሞት የባልዋ ሹመት ወዲያው ለልጇ ለግሪሞአልድ አልተሰጠም፤ ኦቶ የሚባል ተቀናቃኝ ቀድሞት ነበር። ግሪሞአልድ ወንበሩን ያገኘው በ643 የአለማኖቹ መስፍን ሌውታር ኦቶን ከገደለለት በኋላ ነው። በነዚያ በመሀል ባሉት ዓመታት ኢታ እጅዋ ላይ ብዙ ርስትና ጌርትሩድ የምትባል ያላገባች ልጅ ነበሩ። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው፤ ልጅቷን ያገባ መሬቱን ይከተላል። ጌርትሩድ ገና አባቷ በሕይወት ሳለ፣ ዳጎበርት በተገኘበት ግብዣ ላይ፣ የአንድ የአውስትራሲያ መስፍን ልጅ ለጋብቻ ጠይቋት እምቢ ብላ ነበር። ፒፒን ከሞተ በኋላ እናትየዋ ልጄ ትጠለፋለች ብላ ስለሠጋች ራሷ መላጫ አንሥታ የልጇን ጸጉር እንደ መነኮሳት አክሊል አድርጋ ላጨች። ይህን የሚነግረን ጌርትሩድ በ659 ከሞተች ብዙም ሳይቆይ የተጻፈው ገድሏ ነው።

ከዚያም ኢታ ርስቷ ላይ፣ ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ባለው ኒቬል፣ ገዳም ተከለች። ጌርትሩድ እመ ምኔት ሆነች። የሃይማኖት ፍቅራቸውን የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ገዳሙ ያደረገውን ደግሞ ተመልከቱ፦ የቤተሰቡ መሬት ለባዕድ አማች ሳይተላለፍ፣ በወንድሞች መካከል ሳይበጣጠስ፣ ንጉሥም በቀላሉ ሊወርሰው ሳይችል፣ በቤቱ ሴት ልጅ እጅ በአንድነት ቆየ።

ይህ ጥበብ የተፈተነው ግሪሞአልድ በወደቀ ጊዜ ነው። በ650ዎቹ ንጉሥ ሲግበርት ሲሞት ግሪሞአልድ የሲግበርትን ልጅ ጸጉሩን አስላጭቶ ወደ አየርላንድ ሰደደውና የገዛ ልጁን ዙፋን ላይ አስቀመጠው። ልጁንም የሜሮቪንጋውያን ስም ሰጥቶ ቺልድበርት አስባለው፤ በማደጎ የንጉሥ ልጅ ነው በሚል። ከጊዜው መቶ ዓመት ቀድሞ የተሞከረ መፈንቅለ ሥርወ መንግሥት በሉት። አልሆነም። ኔውስትሪያውያን ግሪሞአልድን ይዘው ፓሪስ ወሰዱት፣ እዚያም በእስር ተሠቃይቶ ሞተ። የፒፒን ቤት በወንድ በኩል ተቆረጠ።

ኒቬል ውስጥ የቀረችው የግሪሞአልድ ልጅ ዉልፈትሩድ ናት፤ ከአክስቷ ከጌርትሩድ በኋላ እመ ምኔት የሆነች። የጌርትሩድ ገድል እንደሚለው ነገሥታትና ንግሥቶች፣ ካህናትም ሳይቀሩ፣ በአባቷ ጥላቻ ምክንያት ከቦታዋ ሊያስነሷትና የገዳሙን ሀብት ሊይዙ ሞክረዋል። አልተነሣችም።

የጌርትሩድ እህት ቤጋ ደግሞ የአርኑልፍን ልጅ አንሰጊሰልን አግብታ ነበር። የሁለቱ ቤቶች መጋጠሚያ ይህች ሴት ናት። አንዳንድ ተመራማሪዎች አንሰጊሰል በእርግጥ የአርኑልፍ ልጅ ስለመሆኑ ይጠራጠራሉ፤ ዝምድናውን አፍ አውጥተው የሚናገሩት ጽሑፎች ዘግይተው የመጡ ናቸውና። የቤጋን ዘር ግን የሚጠራጠር የለም። እሷና አንሰጊሰል ልጅ ሲወልዱ ያወጡለትን ስም አስተውሉ፦ ፒፒን። የእናቱ አባት ስም ነው። የሜዝ ወንዝ አካባቢ ርስትም፣ ኒቬልም፣ የፒፒን ስምም ለዚህ ልጅ የደረሱት በእናቱ በኩል ነው። ኋላ አለቆች የሆኑት የልጅ ልጆቹ ራሳቸውን ከአርኑልፍ ቆጠሩ እንጂ ከቤጋ አልቆጠሩም።

አንሰጊሰል ጉንዶይን በሚባል ባላንጣ እጅ ተገደለ። በ805 ግድም የተጻፈው የሜትስ ዜና መዋዕል ወጣቱ ፒፒን ያንን ገዳይ በድንገት ደርሶበት ገደለው፣ ሀብቱንም ለተከታዮቹ አካፈለ ይላል። ከነገሩ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያውም ለቤተሰቡ በሚያደላ እጅ የተጻፈ ስለሆነ ጌጡን ቀንሳችሁ ስሙት። ሀብቱ ለተከታዮች ተካፈለ የሚለው ግን የዘመኑን አሠራር በትክክል ያሳያል። ደም መመለስ የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የወደቀው ሰው መሬት ለጭፍራ ደመወዝ ይሆናል።

ይህ ሁለተኛው ፒፒን በ680 ግድም ከኔውስትሪያው አዛዥ ከኤብሮይን ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ። ማርቲን የሚባለው አጋሩ ላን ከተማ ገብቶ መሸገ። ኤብሮይን መልእክተኞች ልኮ፣ አንዱም ጳጳስ ነው፣ ብትወጣ አትነካም ብለው በቅዱሳን አፅም ሣጥን ላይ እጃቸውን ጭነው ማሉለት። ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ማርቲን ይህን አላወቀም፤ ወጣ፣ ከነሰዎቹም ተገደለ። መሐላው በባዶ ሣጥን ላይ ከሆነ አያስጠይቅም የሚል የጠበቃ ብልጠት መሆኑ ነው። ኤብሮይንም አልቆየ፤ ኤርመንፍሬድ የሚባል የፍራንክ መኳንንት ገደለውና ወደ ፒፒን ሸሸ።

በ687 ፒፒን በቴርትሪ ውጊያ አሸነፈ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት የዚህ ቤተሰብ የበላይነት የጀመረው ከዚህ ቀን ነው ይላሉ። እኔ ከውጊያው ይልቅ የተከተለውን ሠርግ አያለሁ። በኔውስትሪያ ብርቱ የነበረችው አንስፍሌድ የምትባል መበለት ናት፤ የአዛዦች ሚስትና አማት። የተሸነፈው አማቿ ሲገደል እጇ እንዳለበት ይነገራል። የፒፒን ልጅ ድሮጎ በዚህች ሴት ቤት ተወላጅ የሆነች ሚስት አገባና በሴይን ወንዝ በኩል ያለው የአንስፍሌድ ወገን ወዳጅና ርስት ተከፈተለት። በሰይፍ የተያዘ አገር የሚረጋው በጋብቻ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

የፒፒን የራሱ ሚስት ፕሌክትሩድ ናት። እንደኔ ከሆነ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከሷ የሚበልጥ ሰው የለም፤ መጻሕፍቱ ግን እንደ ክፉ እንጀራ እናት አድርገው ነው ያቆዩዋት።

ወገኖቿ ከኮሎኝ እስከ ትሪር፣ በራይንና በሞዘል መካከል፣ ሰፊ መሬት ነበራቸው። ብዙ ተመራማሪዎች እናቷ ኢርሚና ናት ይላሉ፤ በ697 ወይም በ698 ዛሬ ሉክሰምበርግ ውስጥ ላለው ለኤክተርናክ ገዳም ርስቷን የሰጠችው። ባሏ ፒፒን ለዚያው ገዳም በ706 ስጦታ ሲሰጥ ጽሑፉ ላይ ፕሌክትሩድም አብራ ትሰጣለች፤ ርስቱ የሷም ነውና። የፒፒን ቤት የሜዝ ሸለቆ ቤት ነበር። የራይን ቤት ያደረገችው እሷ ናት።

ሁለት ልጆች ወለደችለት፣ ድሮጎንና ግሪሞአልድን። ድሮጎ በ708 ሞተ። ግሪሞአልድ በ714 የታመመ አባቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ልየዥ ከተማ፣ ቅዱስ ላምበርት መቃብር ላይ ሲጸልይ፣ ራንትጋር የሚባል ሰው ገደለው። ፒፒንም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ አረፈ። የቀሩት የፕሌክትሩድ የልጅ ልጆች ናቸው፤ ደግሞም አልፓይዳ ከምትባል ሌላ ሴት የወለደው ካርል፣ ጎልማሳና ጤነኛ። ኋለኞቹ ጸሐፊዎች ካርልን ዲቃላ አሉት። ለዘመኑ ቀርቦ የተጻፈው ዜና መዋዕል ግን አልፓይዳን ክቡር ዘር ያላት ሁለተኛ ሚስት ይላታል፤ በዚያ ዘመን መስመሩ ገና አልተሰመረም ነበር።

ፕሌክትሩድ ካርልን አሰረችው። የግሪሞአልድን ትንሽ ልጅ ቴውዶአልድን የቤተ መንግሥት አዛዥ አድርጋ፣ በስሙ እሷ ገዛች። በ727 ዜና መዋዕሉን የጻፈው ኔውስትሪያዊ ፕሌክትሩድ ከልጅ ልጆቿና ከንጉሡ ጋር በማስተዋል ትገዛ እንደነበር ይመሰክራል። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ የጻፈው የሜትስ ሰው ግን በሴት ተንኮል ስም ያወግዛታል። የመጀመሪያው ያየው ነው፣ ሁለተኛው ለካርል ልጆች የጻፈው።

በ715 ኔውስትሪያውያን ተነሡ፣ በኮምፒየኝ አቅራቢያ ባለው ጫካ የቴውዶአልድን ጦር ሰበሩ፣ ራጋንፍሪድ የሚባል የራሳቸውን አዛዥ ሾሙ፤ በሰሜን ካለው ከፍሪዝያኑ መሪ ከራድቦድ ጋርም ተማማሉ። ካርል ከእስር አመለጠ። በ716 ራድቦድ ወደ ኮሎኝ ሲመጣ ካርል ገጠመውና ተሸነፈ፤ በሕይወቱ ሽንፈት የሚባል ነገር የደረሰበት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ኔውስትሪያውያን የኮሎኝን በር ሲያንኳኩ ፕሌክትሩድ ከግምጃ ቤቱ ወርቅ ሰጥታ መለሰቻቸው። ሲመለሱ አምብሌቭ ወንዝ ላይ ካርል ደረሰባቸውና ፈጃቸው። በ717 መጋቢት ላይ በቫንሲ እንደገና አሸነፋቸውና ከዚያ ፊቱን ወደ ኮሎኝ አዞረ። ፕሌክትሩድ የአባቱን ቀሪ ሀብት አስረከበችው።

ያ ግምጃ ቤት ለምን ይህን ያህል እንዳዋጋ አስቡ። የዚያ ዘመን ጭፍራ የሚከተለው የሚሰጠውን ነው፤ ክንድ ላይ የሚታሰር ወርቅ፣ ፈረስ፣ ሰይፍ፣ መሬት። የአባት ዙፋን ወራሽ የሚባለው የአባትን ሣጥን የከፈተ ነው። ካርል ፕሌክትሩድን አልገደላትም። እሷ ያቋቋመችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ኮሎኝ ላይ ዛሬም አለ፤ መቃብሯም እዚያው ነው።

ይህ ካርል በ732 በፖይትየ አቅራቢያ ባደረገው ውጊያ የታወቀው፣ ማርቴል፣ መዶሻው የሚል ቅጽል የወጣለት ነው። ስለ ውጊያው ብዙ ስለተወራ እተወዋለሁ። ለኛ የሚያስፈልገን በ725 ባቫሪያ ዘምቶ ይዟት የመጣት ሴት ናት፤ ስዋናሂልድ፣ የአጊሎልፊንጎች ዘመድ። አገባት፣ ግሪፎ የሚባል ልጅም ወለደችለት።

ከመቶ ዓመት በፊት ትሪር ላይ የተገዳደሉት ሁለቱ ቤቶች አሁን በአንድ አልጋ ተገናኙ፤ ጠቡም ቤት ውስጥ ገባ። በ741 ካርል ሲሞት የመጀመሪያ ሚስቱ ልጆች ካርልማንና ፒፒን ግሪፎን አሰሩት። እህታቸው ሂልትሩድ ግን በእንጀራ እናቷ በስዋናሂልድ ምክር ራይንን በስውር ተሻግራ ወደ ባቫሪያው መስፍን ወደ ኦዲሎ ሄደች፤ ያለ ወንድሞቿ ፈቃድም አገባችው። ታሲሎ የሚባል ልጅ ወለዱ። ግሪፎ ከእስር ወጥቶ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሸሽ በ753 ወደ ጣሊያን በሚያመራው የአልፕስ መንገድ ላይ ተገደለ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ወንድሙ ፒፒን የመጨረሻውን የሜሮቪንጋውያን ንጉሥ ጸጉሩን አስላጭቶ ገዳም አስገብቶ ራሱ ነግሦ ነበር። ግሪሞአልድ የሞተበትን ነገር የእህቱ የቤጋ የልጅ ልጅ ልጅ ፈጸመው።

ታሲሎ የንጉሥ ፒፒን እህት ልጅ፣ የታላቁ ካርል የአክስት ልጅ ነው። ባቫሪያን እንደ ንጉሥ ገዛ፤ ገዳማትን ተከለ፣ የሎምባርዶቹን ንጉሥ ልጅ ሊውትበርጋን አገባ። በ788 ካርል ኢንግልሃይም ላይ ጠርቶ ፍርድ ፊት አቆመው። ከክሶቹ አንዱ በ763 በአጎቱ በንጉሥ ፒፒን ዘመቻ ላይ ጦሩን ትቶ ሄዷል የሚል ነው፤ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የሆነ ነገር! የሞት ፍርድ ተፈረደበት፣ ካርል ምሬዋለሁ አለና ገዳም አስገባው። ሚስቱም ልጆቹም አብረው ጸጉራቸውን ተላጩ። ይህም አልበቃም። በ794 ፍራንክፈርት ላይ በተደረገው የጳጳሳት ጉባኤ ከገዳም ወጥቶ ቀርቦ ለራሱም ለልጆቹም የባቫሪያን መብት ሁሉ እንደተወ እንዲናገር ተደረገ። ሕግ ላይ የተጻፈ ዘር ስለነበረ በሰይፍ ብቻ አይጠፋም፤ ባለቤቱ በአፉ መካድ ነበረበት።

ካርል ባላንጣዎቹን ሲያጠፋ የራሱን ሐረግ ደግሞ ያበጅ ነበር። በ778 መንታ ወንዶች ልጆች ሲወለዱለት በአባቶቹ ስም አልጠራቸውም፤ ሉድዊግና ሎታር አላቸው፤ ክሎቪስና ክሎታር ማለት ነው፣ አባቱ ያወረደው ሥርወ መንግሥት ስሞች። ሎታር በሕፃንነቱ ሞተ። በ800ዎቹ መጀመሪያ ሜትስ ውስጥ የተጻፈ የትውልድ ቆጠራ ደግሞ ጭራሽ አርኑልፍን ራሱን የሜሮቪንጋውያን የሴት ልጅ ተወላጅ አደረገው፤ ብሊትሂልድ የምትባል የንጉሥ ክሎታር ልጅ አንስበርት የሚባል የሮም ባላባት አግብታ ነበር ይላል። ዛሬ ይህን የሚያምን ተመራማሪ የለም። ግን ተመልከቱ፦ ሐረግ ማስተካከል ሲያስፈልግ የፈጠሩት ሴት ልጅ ነው፤ እውነተኞቹን ሴቶች፣ ቤጋንና ፕሌክትሩድን፣ ደግሞ ትተዋቸዋል።

ፕሌክትሩድም ቢሆን አልተለየቻቸውም። የታላቁ ካርል እናት በርትራዳ አያቷ በ721 የፕሩም ገዳምን ያቋቋመችው ሌላዋ በርትራዳ ናት፤ እሷን ብዙ ተመራማሪዎች የመሬቱን አቀማመጥ ይዘው የፕሌክትሩድ እህት ናት ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ካርል በአባቱ በኩል ፕሌክትሩድን ያሸነፈው ሰው የልጅ ልጅ፣ በእናቱ በኩል የሷ የእህት ዘር ነው።

ስለ አጊሎልፊንጎች የሚነግረን ደግሞ ቴጋን ነው። ይህ የትሪር ቤተ ክርስቲያን ሰው በ830ዎቹ የካርልን ወራሽ የሉድዊግን ታሪክ ጻፈ። በአባት በኩል እንደ ልማዱ ከቅዱስ አርኑልፍ ይጀምራል። ቀጥሎ ግን ሌሎቹ የማያደርጉትን ያደርጋል፤ የእናቱን የሂልደጋርድን ዘር ይቆጥራል። ሂልደጋርድ የኢማ ልጅ፣ ኢማ የኔቢ ልጅ፣ ኔቢ የሁኦቺንግ ልጅ፣ ሁኦቺንግ የአለማኖቹ መስፍን የጎትፍሪድ ልጅ። ጎትፍሪድ በ709 የሞተ የፒፒን ቤት ተቀናቃኝ ነው። ሂልትሩድን ያገባውን ኦዲሎን፣ የታሲሎን አባት፣ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የዚሁ የጎትፍሪድ ልጅ ያደርጉታል። ታሲሎ ኢንግልሃይም ላይ ሲፈረድበት የሂልደጋርድ ልጅ ሉድዊግ አሥር ዓመቱ ነበር። በ814 አባቱ ሲሞት መላውን ግዛት ወረሰ።

በሚቀጥለው ሳምንት ይኸው ሉድዊግ በ819 ስላገባት ዩዲት ስለምትባል የቬልፍ ቤት ልጅ፣ የሷ ልጅም ከእንጀራ ወንድሞቹ ጋር ተካፋይ ሲሆን አገሩ እንዴት በ841 ፎንትኖይ ላይ ለመዋጋት እንደደረሰ እንነጋገራለን።